ሐረር፣ ሀረር፣ ኀረር

ጀጎል ውስጥ የጎረቤቶቻችን ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ «ሐረር» ይላል። ቀጥሎ «ሀረር»። ከሥሩ «ኀረር»። ከዚያ «ሐረር 2»፣ «አዲሱ»፣ «አዲሱ አዲሱ» እያለ ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ስድስት ሰው ነው፤ አካውንቱ አሥራ አንድ።

«ሐረር»ን የከፈተው አባትየው ነው። (አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም። ሐረር ተወልዶ ያደገን ሰው አንቱ ብትለው፣ ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት ይዞራል።) ለቤተሰቡ አንድ ይበቃል ብሎ ነበር። የመጨረሻው ልጅ ግን ፓስወርዱን ረሳ፤ አባቱ ከፍቶት የሄደ ዕለት ገብቶ በሃሌታው ሀ የራሱን ከፈተ። እሱንም ሲረሳ፣ እህቱ ሳትዘጋ በተወችው ገብቶ በብዙኃኑ ኀ ሦስተኛ ጨመረ። ይህ ልጅ ፓስወርድ ከማስታወስ አዲስ ሰው ሆኖ መወለድ ይቀለዋል።

እኛ ሦስቱንም በአንድ ድምፅ እናነባለን። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ ግን ለሀ 4608፣ ለሐ 4624፣ ለኀ 4736 የሚል ቁጥር ሰጥቷል፤ ኮምፒውተሩ የሚያየውም ቁጥሩን ነው። ሦስት ሰው መጣ ብሎ ሦስት ፎልደር አዘጋጀ። አሁን የልጁ የፊዚክስ ኖት ሐመሩ ጋ ነው፣ ፎቶው ሃሌታው ጋ፣ ፊልሙ ብዙኃኑ ጋ። ከሦስቱ የማይጠፋበት የፊልሙ ብቻ ነው።

ለነገሩ ከተማዋ በሁለት ማንነት የሚዞር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሲመጣ መንገዱን የጀመረው አረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር ሲቃረብ ያ አካውንት እንደማያዋጣ ገባውና «እንግሊዛዊ ነኝ» ብሎ በሌላኛው ገባ። ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ተሰጠኝ ያለውን ደብዳቤ የጻፈውም ራሱ ነው። የከተማዋ ገዥ አሚር አሕመድ ፊት ቀርቦ፣ አሥር ቀን ሰንብቶ በሰላም ወጣ።

የጎረቤቶቼን ማን ያስተካክል? የሰፈሩ ባለሙያ ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቱ ፎርማት ስለሆነ እኔ ተጠራሁ። ዊንዶውስ ሁለት አካውንት አንድ የሚያደርግ በተን የለውም። ፋይሉን ወደ አንዱ ገልብጦ የቀረውን ማጥፋት ነው። ስም መቀየር አያድንም፤ «ሀረር»ን «አለቃ» ብትለው የሚለወጠው መግቢያው ላይ ያለው ነው እንጂ ውስጥ ፎልደሩ በድሮ ስሙ ይቀመጣል። አጥፍተህ በዚያው ስም ብትከፍትም ማሽኑ የሚለይህ በውስጥ በሰጠህ ረጅም ቁጥር ስለሆነ፣ ለገዛ ፋይልህ ባዕድ ትሆናለህ።

ትልቋ ልጅ ድሬዳዋ ተድራለች፤ አካውንቷ ግን አልተዳረም። ላጠፋው ስል ማሽኑ ፋይሎቹ ይጥፉ ወይስ ይቀመጡ ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናትየው ከጓዳ ብቅ አለች።

«ማን ነው የሚጠፋው? የልጄን አትንካ፣ ወላሂ!»

አልነካሁም።

ከባዱ አድሚኑ ነበር፤ አሥራ አንዱም አድሚን ናቸው። የአደሬ ቤት ነደባ የሚባሉ አምስት መቀመጫዎች አሉት። አባወራው አሚር ነደባ ላይ ሆኖ በሩን ያያል፤ ለወጣቱ ከበሩ ኋላ ያለው ይበቃዋል። ሐረር አፉ ሁሉንም አንተ ቢልም ማዕረጉን መቀመጫው ላይ አስቀምጦታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ልጅ አዋቂው ሁሉ አሚር ነደባ ላይ ተጨናንቋል። ስለዚህ አባትየውን አድሚን፣ ሌላውን ተራ ተጠቃሚ አደረግሁ። ፓስወርዱን ለማንም እንዳይናገርም አስማልኩት።

አባትየው ሹመቱን ጠላው፤ ምክንያቱም ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር ማሽኑ የአድሚኑን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም በበርጫ ሰዓት ነው።

«አባ፣ ና ፓስወርድ ጻፍ!»

«ማነው የፈለገኝ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«እና እኔ ልሄድለት ነው? አቦ እሱ ይምጣ!»

ኪቦርዱን ይዘውለት ሄዱ፤ ገመዱ መሃል ላይ ቀረ። አሁን ገመድ የሌለው ኪቦርድ እየተፈለገ ነው። እስኪገኝ፣ የትልቋ ልጅ አካውንት ሳይነካ አድሚን እንደሆነ ቀርቷልና፣ እዚህ ጀጎል ውስጥ ፕሮግራም የሚጫነው ድሬዳዋ ተደውሎ ነው።