ይማርህ ያጣሁባት ማስነጠስ

ነገሩ የጀመረው ጀልባ ላይ ነው። የለም፣ ከዚያም በፊት ነው፤ ዕቁብ ሲደርሰኝ ቺምፓንዚ በዱሩ ካላየሁ ብዬ የተነሣሁ ዕለት። አገራችን ጭላዳም ጉሬዛም አላት፤ ቺምፓንዚ ግን የላትም። ስለዚህ ታንዛኒያ፣ ማሃሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድረስ ሄድኩ። እዚያ መኪና አይገባም፤ ወይ በትንሽ አውሮፕላን ነው፣ ወይ ከኪጎማ ተነሥቶ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በጀልባ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» እንዲሉ ተሽቀዳድሜ ከጀልባዋ ፊት ተቀመጥኩ። ያ ቦታ የንፋስና የውሃ ፍንጣቂ መቀበያ መሆኑ የገባኝ ማሃሌ ስደርስ፣ አፍንጫዬ ሲዘጋ ነው።

ማረፊያችን አሸዋው ላይ የተሠሩ የሣር ክዳን ጎጆዎች ናቸው፤ ከኋላ ደን የለበሰ ተራራ፣ ከፊት ጥርት ያለ፣ ጥልቀቱ እስከ 1,470 ሜትር የሚወርድ ሐይቅ። ማታ አስጎብኚው እየዞረ «ያመመው ሰው አለ?» ሲል፣ «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩት። ሌሊቱን ዝንጅብል በማር ስጠጣ አነጋሁ። እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስትል ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ ግን እንዳይከለክሉኝ፣ የዕቁቤን ብር እያሰብኩ ደበቅሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ስዋሂሊም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ ተሄዶ «አንድ ሰዓት» አንድ ሰዓት ሆኖ ሲገኝ የአገር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ታደለን፤ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል፣ ካገኘናቸውም ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት አይቻልም ተባልን። ዳገቱን ጨርሰን ጩኸታቸው ከዛፎቹ መሀል ሲሰማ፣ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ያኔ አስነጠስኩ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

«ይማርህ» ያለኝ የለም። አስጎብኚው እጁን አነሣ፤ ሁሉም ቆመ። «ፖሌ ሳና፣ ካካ» አለኝ በለሆሳስ፤ «አይዞህ ወንድሜ» እንደማለት ነው። ከዚያ አንድ ልጅ አብሮኝ እንዲወርድ ተደረገ። ያ ልጅ በእኔ ጦስ ቀኑን አሸዋ ላይ ሲውል አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ አስጎብኚው አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ቶሺሳዳ ኒሺዳ እዚህ ጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሸንኮራ አገዳ እየተባበሉ፣ በኋላም በትዕግሥት፣ ቺምፓንዚዎቹ ሰው ለመዱ። ዛሬ ሲያዩን የማይሸሹት ስላመኑን ነው። በሥጋ ደግሞ ቅርብ ዘመዶቻችን ናቸው፤ እኛን ሦስት ቀን አስተኝቶ የሚለቀን ጉንፋን እነሱን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉንፋን መሰል በሽታ እዚሁ ማሃሌ ገብቶ ከመንጋው በርካቶችን ጨርሷል።

ከዚያ በኋላ ስለ ብሬ አላሰብኩም። ልጇን ያዘለች እናት አይተው የመጡት ጓደኞቼ ሲያወሩ፣ ያቺ እናት የእኔን ትንፋሽ ሳትስብ በመቅረቷ ተመስገን አልኩ።

ወዳጆቼ፣ እነሱ ከእኛ መሸሽ ትተዋል፤ መራቅ ያለብን እኛ ነን። ማሃሌ ስትሄዱ «ያመመው አለ?» ከተባላችሁ፣ አፍንጫችሁን ትንሽም ቢበላችሁ፣ «አዎ፣ እኔን» በሉ።