ቀዩ መብራት ይብራልን

ዶርዜ ሠርግ በተጠራሁ ቁጥር መጀመሪያ የማመሰግነው ሙሽሮቹን ሳይሆን ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠውን ጎበዝ ነው። የላይኛዋን ቁልፍ፣ ጌይኗን፣ አልዞርም እስክትል ያዞራታል። የታችኛውን ፌደር እስከ ጥግ ይገፋዋል። ቀይ መብራት ቦግ ሲል ፊቱ ይፈካል፤ መሣሪያው ሥራ ጀመረ ማለት ነዋ! ማይኩ ሲያፏጭበትም "ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት" ይለዋል፣ ቁጥር የሰማ ፉጨት የሚያፍር ይመስል።

አዋቂ ነን ባዮች፣ ጌይን ከማይክ የመጣውን ደካማ ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያበቃ ነው፣ ለሕዝቡ የሚደርሰውን የሚወስነው ፌደሩ ነው ይላሉ። ጌይን ላይ የተቀደደ ድምፅ ፌደሩ ቢወርድለት ዝቅ ያለ የተቀደደ ድምፅ ይሆናል እንጂ አይጠገንም አሉ። ወሬ ነው። ሁለት ቁልፍ የተሠራው ሁለቱም እንዲከፈቱ ነው።

ጥቅሙንስ አይታችኋል? የዶርዜ ቤት አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እያጠረ ይሄዳል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ተሸክሞት ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ይኼ ሁሉ ድካም ቀረ! ደጃፉ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ማቆም ነው። ቤዙ ሲመታ ቀርከሃው ይንቀጠቀጣል፣ ምስጡ ጓዙን ጠቅልሎ ይሰደዳል፣ ቤቱም እንደሚመስለው ዝሆን ኩምቢውን አስቀድሞ ይነሣል። በሁለተኛው ዘፈን የጎረቤትን እንሰት ያቋርጣል። በአምስተኛው የአርባ ምንጭን ቁልቁለት ይያያዘዋል፤ አባወራው ከኋላ እየሮጠ፣ እማወራዋ ውስጥ ቆጮ እየጋገረች፣ ላሟ እንደታሰረች። ማዘጋጃ ቤት ካርታ ሊጠይቅ ሲመጣ ቤቱ አባያ ዳር ደርሷል። መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል፤ የሐይቅ ዳር ቦታ ያለ ሊዝ!

ጆሮስ? 100 ዴሲቤል ላይ በደኅና የሚቆየው 15 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ የዘመድ ሐሜት አይሰማም፤ ይኼም በረከት ነው።

በዶርዜ ዘፈን ግን አልቀልድም። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዜማ ደርበው ይገቡበታል፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ እዚህ ድረስ መጥቶ የቀረጸው ይህንን ነው። ያንን ሁሉ ድምፅ በአንድ ማይክ አፍኖ አንድ ጩኸት ማድረግ ሙያ አይደለም። ድንቁርና ነው።

ሳውንድ ማን ወንድሜ፣ ዘፋኙ በሙሉ ጉልበቱ እየዘፈነ ጌይኑን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ቀዩ ብልጭ ሲል መልሰው፤ የቀረውን በፌደሩ ጨርስ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ ደግሞ ሞንታርቦውን አጥፋልን።