ሳትፈላ የፈላች መኪና

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን አቀበቱን እንደጀመርን የሚኒባሷ የሙቀት ጌጅ ድንገት ዘሎ ቀዩ ላይ ቁጭ አለ። ሾፌሩ «አይ ዛሬ!» ብሎ ጥግ ያዘ። ዓባይ በረሃ ላይ ጥላ አይገኝም፤ ምክር ግን ሞልቷል።

ለካ ተሳፋሪው ሁሉ መካኒክ ኖሯል። ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ «ቴስታው ሄዷል» ብለው ፈረዱ። ከኋላ «ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው!» የሚል ተነሣ፤ ይህ ምክር ስንቱን ሞተር እንደጎዳ ቤቱ ይቁጠረው። አንዱ ጎረምሳ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲንደረደር ሾፌሩ እጁን ለቀም አደረገው። ደግ አደረገ። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል፤ የተከፈተ ዕለት ግን ባንዴ ፊት ላይ ይገነፍላል።

«ልጄ፣ ውሃ እኮ ቀስ እያለ ነው እሚፈላ» አሉ አንዲት እናት። «ባንዴ የፈላ ውሃ የት አይታችኋል?» የሰማቸው የለም።

ሞተሩ በረደ። ውሃው ሲታይ ሙሉ ነው። ጌጁ ግን ከቀዩ ንቅንቅ አላለም። ሳንወድ በግድ እየተንፏቀቅን ደጀን ገባን።

የደጀኑ መካኒክ ሰውየውን ከጋቢና አስወርዶ ወንበራቸውን አነሣ፤ የዚህ መኪና ሞተር እዚያ ሥር ነውና። እውነት ቢፈላ ኖሮ ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው የሰውየው መቀመጫ ነበር! መካኒኩ ከአንዲት ጣት ከማታክል ሴንሰር ላይ ሽቦዋን ነቀለ። ጌጁ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛው ወደቀ። ሴንሰሯ ስትሞቅ ኤሌክትሪክ በብዛት ታሳልፋለች፤ ጌጁ ያንን ነው ሙቀት ብሎ የሚያነበው። ውስጧ ሾርት ካደረገ ታዲያ ሞተሩ በረዶ ቢሆንም ጌጁ ቀይ ነው።

አሮጌዋን ፈትቶ ውሃው ብዙ ሳይፈስ አዲሷን ተካ። ረዳቱ ጥርሷን በቴፍሎን ሊጠቀልል ሲል ተቆጣው፤ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጋቲቭ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፣ ፕላስቲክ ከበዛበት ጌጁ ይሳሳታል። የጎደለውን ውሃ ሞላ፣ አየሩን አስወጣ፣ አበቃ። ያዘዝነው ቡና እንኳ ገና አልፈላም።

የጋቢናው ሰውዬ ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ድረስ «ለማንኛውም ቴስታው ይታይ» እንዳሉ ነበር።