ዶሚኖው የት ገባ?

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ እንኳ ቸግሮኝ ነበር፤ የተበደርኩትም ጤፍ ሳይሆን ቫን ነው። ግን ዞሮ ዞሮ ከጤፍ አላመለጥኩም፤ የተላክሁት እንጀራ ላመጣ ነበርና።

ሎስ አንጀለስ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ተጠግቼ በምኖርበት ዘመን ነው። የልጇ ክርስትና ነበር። ዶሮው ደርሶ፣ እንግዳው መግባት ጀምሮ ሳለ «በል ፌርፋክስ ሂድና ያዘዝኩትን 60 እንጀራ ይዘህ ናልኝ» አለችኝ። ፌርፋክስ ማለት የከተማው ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ነው፤ ለአንድ ጉዳይ ሄዶ ሦስት ሳይፈጽም የሚመለስ ሐበሻ የለም። የኔ መኪና ጋራዥ ተኝታለች። ስለዚህ ጎረቤታችንን ለመንኩ። ስልሳ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ አንተዋወቅም። ቁልፉን ሲሰጡኝ «15 ደቂቃ ብቻ» አልኳቸው። ማን አስገደደኝ? የሎስ አንጀለስን መንገድ የሚያውቅ ሰው በ15 ደቂቃ ከሰፈሩ መውጣቱንም ይጠራጠራል።

ስደርስ እንጀራው አልወጣም፣ «ትንሽ ጠብቅ» ተባልኩ። የድሮ የሰፈር ልጅ አገኘሁና ቡና አልን። አቦል፣ ቶና፣ እያልን ስለ አገር ጉዳይ ስናነሳ ስንጥል አንድ ሰዓት ከምናምን አለፈ። የማቆሚያው ሰዓት ሊሞላ ነው ብዬ ቫኑን ላንቀሳቅስ ወጣሁ። ውስጡ ምድጃ ሆኗል። ማቀዝቀዣ መስሎኝ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ቀዝቃዛ አየር የለም፤ ወንዶች ተሰብስበው ሲጸልዩ ተሰማ። ኃጢአታቸውን ለጌታ ይናዘዛሉ። መንፈሳዊ ጣቢያ ነው፣ እንዴት ያሉ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሴት ናቸው ብዬ ኮፍያዬን አውልቄ «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ዘፈን ጀመረ። የእንግሊዝኛዬ ነገር ይታወቃል፣ ግማሹን በጆሮዬ፣ ግማሹን በግምት ነው። ፈጣን ንግግር ሲሆንማ ሁሉንም ለግምት እተወዋለሁ። አራት ደቂቃ ያህል እንደተጓዝኩ ዘፈኑ ቆመ፣ ስልክ ጠራ፣ አንዲት ሴትዮ ብስጭት ብለው መናገር ጀመሩ። ጆሮዬ የያዘው ይህን ነው፦ 15 ደቂቃ ብለህ ነበር። መኪናዬን መልስ። ልጆቹ ርቧቸዋል።

ደሜ ቀዘቀዘ። «እናትህ ነኝ» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ፤ ግን እኔ ባደግኩበት ሰፈር «ልጄ» ያላለችኝ ሴት ስለሌለች ቁጣቸው ውስጥ እንኳ እናትነት አለ ብዬ ልቤ ተነካ። «የስ ማም! ሶሪ ማም!» እያልኩ ለዳሽቦርዱ እጅ ነሳሁ። መልስ የለም። ከበስተጀርባ ደግሞ አንድ ሞቅ ያለው ሰውዬ ስለ ዶሚኖ ያወራል። ባል መሆኑ ነው። ለካ ዶሚኖውም ቫኑ ውስጥ ቀርቷል!

መንገድ ዳር አቆምኩና ፍለጋ ገባሁ። ከወንበር ሥር አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ የደረቀ የድንች ጥብስና ሁለት ሳንቲም ወጣ። ዶሚኖ የለም። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ናቸው ብዬ ለማየትም ፈራሁ። (እህቴ ነበረች፤ ዘጠኝ ጊዜ።) የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ እንጀራውን ትቼ ቫኑን ልመልስ በረርኩ።

በሩን ሲከፍቱ ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ ዝቅ ብዬ ነበር። ይቅርታዬን አወረድኩት። ትራፊኩን፣ እንጀራውን፣ የተራቡትን ልጆች። በመጨረሻ፣ ዛሬም ሌሊት ሲያባንነኝ የሚያድረውን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ማም፣ ዶሚኖውን ግን ከወንበር ሥርም ፈልጌ አጣሁት።»

ሴትየዋ አተኩረው አዩኝ። ቤታቸው ውስጥ የተራበ ልጅ የለም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዶሚኖ ኖሯቸው አያውቅም። ከኋላቸው ያለው ጎረምሳ ልጃቸው ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ እስኪል ሳቀ። የቫኑ ሲዲ የሱ ነው፤ ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው አልበም። ሽፋኑን አምጥቶ አሳየኝ። የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ የትልልቆቹ ዓይን በጥቁር ተሸፍኗል፣ ጠረጴዛው ላይ የሕፃን ጡጦ ከትልቅ የቢራ ጠርሙስ ጎን ቆሟል። «አጭር ፊልም» ይላል ጽሑፉ። በልጁ ፊት ሞኝ መምሰል ስለሰለቸኝ «ፊልሙስ የታል?» አልኩና ይበልጥ ሞኝ ሆንኩ።

አዘነልኝ መሰለኝ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። ታሪኩ ኮምፕተን ውስጥ ነው፤ ከኛ በስተደቡብ ያለችው ከተማ። ባለ ታሪኩ ልጅ የእናቱን ቫን ይዞ ሴት ልጅ ዘንድ ሲሄድ ሁለት ሰዎች ጠብቀውት እናያለን። እናያለን አልኩ እንዴ? እንሰማለን። እዚያ ላይ ስልኩ ይጠራል፣ ትዕይንቱ ይቆረጣል፤ ወደ ሰዎቹ የምንመለሰው ከስንት ዘፈን በኋላ ነው። በመሃል ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ሲፎክር፣ ቤት ሰብረው ሲሰርቁ እንሰማለን። «አሜን» ያልኩበት ጸሎትም ቦታው መጀመሪያ አይደለም። ጓደኛቸው ተገድሎ ልጆቹ ለበቀል ሲንገበገቡ፣ አንዲት አሮጊት አስቁመው የሚያስደግሟቸው ነው። የአሮጊቷ ድምፅ የገጣሚዋ የማያ አንጄሉ ነው። እኔ እንግዲህ የአሥረኛውን ዘፈን ጸሎት በአንደኛው ላይ ባርኬ ተነሳሁ።

የጎረቤቴ ልጅ አልቆመም። በ1999 እ.ኤ.አ. ፕሪንስ ፖል የሚባል ሰው ለየገጸ ባሕርይው ራፐር መድቦ ሙሉ ፊልም በድምፅ ብቻ ሠርቷል አለኝ፤ ኩል ኪዝ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ። ዘ ሩትስ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ከሞት ጀምረው ወደ ኋላ ተርከዋል። ይሄን ጊዜ ትንሽ ልኩራ ብዬ ወጋየሁ ንጋቱን አነሳሁበት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ በዛብህ የሞተ ዕለት እናቴ ወጥ አሳርራለች፤ አባቴም ምንም ሳይል ያረረውን በላ። ለኔ የኬንድሪክን አልበም ፊልም ያደረገው ተኩሱ አይደለም፤ ኮምፕተን ውስጥ ተኩስ እንዳለ ማንም ይገምታል። ቫኗን የምትጠብቅ እናትና ዶሚኖውን የማይረሳ አባት ናቸው። እነሱን ነው አምኜ ከወንበር ሥር የገባሁት።

በመጨረሻ ሴትየዋ ቁልፉን መልሰው ሰጡኝ፤ ልጃቸውን ግን ጠባቂ አድርገው ከኔ ጋር ሰደዱ። ሲዲው ከመጀመሪያው ተከፈተ። አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ነው፤ የፌርፋክስ ደርሶ መልስ አይበቃውምና ማለቂያውን የሰማነው እህቴ በር ላይ ቆመን ነው። የካሴት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ባለ ታሪኩ ልጅ እናቱን ቫኑን ለ15 ደቂቃ ልውሰደው አላቸው። እኔ 60 እንጀራ ታቅፌ ወረድኩ። እንግዶቹ ዶሮውን በዳቦ ጨርሰውታል።