ባለብዕር ሐኪሞች

የአሜሪካን የቤዝቦል ጋዜጠኞች የሚያማ ሰው ምቀኛ መሆን አለበት። ሌላው አንድ ሙያ ይዞ ሲንገላታ እነሱ ዘጋቢም፣ ዳኛም፣ ሐኪምም ሆነው ኖረዋል። የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ይመርጣሉ፤ ጡረታ የወጣውን ወደ ዝና አዳራሽ ያስገባሉ ወይም በር ላይ ያስቀሩታል። ሐኪምነታቸው ግን ለብቻው ነው። በሽተኛውን ሳይዳስሱ፣ ከሰገነታቸው ሳይወርዱ፣ ማን የእውነት እንደታመመ ማን እንዳስመሰለ ይለያሉ።

ሮቤርቶ ክሌሜንቴን ውሰዱ። የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ መጫወት ሲጀምር ወገቡ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ነበር። «ያመኛል» ባለ ቁጥር ምርመራው ደረሰለት፦ ሰነፍ ነው፣ በየቀኑ አዲስ በሽታ ይፈጥራል። በዚያው ዘመን የኒውዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ሜዳ ሲገባ ግን ሐኪሞቻችን ጀግንነት አዩበት። ማንትል ሲጠጣ አምሽቶ ራሱን እየወቀረው ሲመጣ እንኳ የሙያ ምስጢር ጠብቀውለታል። ጉዱን በ1970 በመጽሐፍ ያወጣው ጋዜጠኛ ሳይሆን የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ጂም ባውተን ነው። ታዲያ ብዙዎቹ ጋዜጠኞች የተቆጡት በማን ይመስላችኋል? በባውተን!

የቋንቋ ሊቅነታቸውም አይረሳ። ክሌሜንቴ በሁለተኛ ቋንቋው ሲናገር አንዳንዶቹ ቃሉን በአፉ ላይ እንደተሰበረ፣ ፊደሉን ጭምር እያጣመሙ አተሙለት። ለእውነት ታማኝ መሆን ማለት ይኸው ነው። ከመካከላቸው ስንቱ በስፓኒሽ አንድ ጥያቄ አስተካክሎ መጠየቅ እንደሚችል የጻፈ ግን አላየሁም። «ሮቤርቶ» ማለትም ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ «ቦብ» አሉት። ልጆች በሚሰበስቧቸው የተጫዋቾች ካርዶች ላይ ሳይቀር ቦብ ተብሎ ወጣ። ሰውየው ስሜ ሮቤርቶ ነው ሲል ደግሞ አስቸጋሪ ሆነ።

በ1960 ፓይሬትስ ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው ውድድር፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ሰባቱም ጨዋታዎች ክሌሜንቴ ኳስ መትቶ ቤዝ ረግጧል። የጋዜጠኞቹ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ ሲገለጽ ሽልማቱ ለቡድን ጓደኛው ለዲክ ግሮት ሆነ፤ ክሌሜንቴ 8ኛ ወጣ። ቅር መሰኘቱን አልደበቀም። ለካስ ሰነፍ ብቻ አይደለም፣ አኩራፊም ነው!

ይህ ሰነፍ 18 የውድድር ዘመን ተጫወተ። በመምታት ችሎታ 4 ጊዜ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፣ የተከላካይነት የወርቅ ጓንት 12 ጊዜ ወሰደ፣ በ1972 መገባደጃ 3,000ኛውን ምት አስቆጠረ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሠራ እንደነበር እንጃ፤ ይቅርታ፣ ለካ ጤነኛ ነበር።

በታኅሣሥ 31 ቀን 1972 በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ። ሬሳው አልተገኘም። ሐኪሞቹም በአንድ ጀምበር አልቃሽ ሆኑ። ወገቡን የእውነት ያመው እንደነበር፣ ኩራቱም ክብር እንደነበር ያኔ ተገለጠላቸው። ወደ ዝና አዳራሽ ለመግባት 5 ዓመት መጠበቅ ግድ የሚለው ደንብ ተነሣለትና በሦስት ወር ውስጥ ከ424 መራጮች 393ቱ ድምፃቸውን ሰጡት።

በአዳራሹ የተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ ግን የአባቱንና የእናቱን ስም ቅደም ተከተል አዛብቶ ጻፈው። የታረመው በ2000 ነው።