ቺቺኮቭ ደባርቅ ቢመጣ
የሰው ባሕርይ የሚገባችሁ የሩሲያን ልቦለድ ስታነቡ ነው ይሉናል። እሺ፣ እናንብብ። በ1842 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» ውስጥ ቺቺኮቭ የሚባል ጮሌ ሞተው ከመዝገብ ያልተሰረዙ ገባሮችን እየዞረ ይገዛል። አንዲት ባልቴት ሸጠችለትና በርካሽ የሸጠች መስሏት እንቅልፍ አጣች፤ ሠረገላዋን አስነሥታ ከተማ የገባችው ሟች ዘንድሮ ስንት እንደገባ ልትጠይቅ ነው!

ይህን ለመማር ሩሲያ ድረስ? ዳባት ላይ ገብስ የምትሸጥ እናት የደባርቅን ዋጋ ሳትሰማ የስልቻዋን አፍ አትፈታም። ቺቺኮቭም ደባርቅ ቢመጣ ስሜን ተራራን ሳያይ ጠላ ቤት ላይ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ሟች ይሸጥለታል? ቢሸጡለትም ዋጋ ጨምረው ነው። ገብስ ልትሸምቱ የምትወጡ፣ ባልቴቷን አንብባችሁ ውጡ።