የስልሳ ሁለት ልጆች

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፈ አዛውንት ነው። በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ተወልዶ፣ ኮሎምበስ ተምሮ፣ ኮሎምበስ ጡረታ ወጥቷል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው ኢስት ብሮድ መንገድ ላይ በሚገኘው ሴንት ቻርልስ ነው፤ ጳጳሱ ጄምስ ሃርትሊ በ1923 ያቋቋሙት፣ እስከ ዛሬም ወንዶችን ብቻ የሚያስተምር የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ለድሮ ተማሪዎቹ መጽሔት ያሳትማል። ጎረቤቴ አንብቦ ሲጨርስ በአጥር በኩል ያቀብለኛል። እኔም ፊት ፊቱን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዜና እገባለሁ።

እዚያ ላይ ሰዎቹ በጨረሱበት ዓመት ተሰልፈው ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዱ ዳሌውን አስቀይሮ ጎልፍ ሜዳ ተመልሷል። አንዱ ቤቱን ሸጦ ፍሎሪዳ ገብቷል፤ ሌላው ከፍሎሪዳ ሙቀት ሸሽቶ መጥቷል። የልጅ ልጆቹን የቆጠረ አለ፣ የልብ ቧንቧው መዘጋቱን ያሳወቀም አለ። እኔን የሚገርመኝ ባለጉዳዩ ራሱ ጽፎ፣ በስሙ መላኩ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የራሱን ዜና አይናገርም፤ የሚናገሩለት ሌሎች ሰዎች አሉ።

እኔም የወንዶች ካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ የአዲስ አበባው ሴንት ጆሴፍ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ያቋቋሙት የደ ላ ሳል ወንድሞች ናቸው። «ብራዘር» ነበር የምንላቸው። ካህናት አይደሉም፤ አይቀድሱም፣ ኑዛዜም አይቀበሉም፤ የመነኑት ለማስተማር ነው። ማኅበራቸውን የመሠረተው ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ደ ላ ሳል በ1719 ነው የሞተው፤ ፖፕ ፒዮስ 12ኛ በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመውታል። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። «ሚስት የላቸውም?» «የላቸውም።» «ይቀድሳሉ?» «አይቀድሱም።» «ታዲያ ምንድን ናቸው?» «የሒሳብ አስተማሪ ናቸው» አልኳትና ትንሽ ተረጋጋች። ቢሆንም ታኅሣሥ 16 በእነሱ ገና ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አፌን ታሸተኝ ነበር፤ እኛ ገና ጾም ላይ ነንና፣ ሥጋ አብልተውት ይሆን ብላ።

የእናቴ ጥርጣሬ የቆየ ነው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት በ1630ዎቹ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን አስመጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን አስረከቧቸው። ቀሚሳቸውን አውልቀው በኮትና በክራቫት፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር ስምምነቱ። አለቃቸው ሉስየን ማት ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እዚህ ኮሎምበስ ያሉት የተፈሪ መኮንን ልጆች በየሰርጉ ይህንን ያነሱብናል። ክራቫት ያሰረ ቄስ ያስተማረው ሰው ቀሚስ የለበሰ ብራዘር ካስተማረው የሚበልጥ ይመስላቸዋል። ይህ ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ አያልቅም፤ ልለፈው።

የጎረቤቴ መጽሔት ቅናት አሳደረብኝና፣ የሴንት ጆሴፍ ልጆች ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሰብሰብ ባልንበት አንድ ምሳ «ለምን እኛም እንዲህ ያለ ገጽ አይኖረንም? እያንዳንዱ ስለ ራሱ አምስት መስመር ይጻፍ» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ደገፈ። ሐበሻ በአንድ ድምፅ ሲደግፍ መጠርጠር ነበር።

አብዛኛው የጻፈው «አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። አምስት መስመር የተባለው ከዚያ ላይ በምን ይሞላል? አንዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ላከልኝ፤ ሁለቱም ገጽ ስለ ሐኪሟ ልጁ ነው፤ እሱ ራሱ የሚገኘው በምርቃቷ ቀን መኪና ሲነዳ ብቻ ነው። ሌላው ማታ ደውሎ «ቤት መግዛቴን እንዳትጽፍ፣ አገር ቤት ያሉት ያነቡታል» አለኝ። በማግስቱ ሌላው «ቤት መሸጤን እንዳትጽፍ፣ እዚህ ያሉት ያነቡታል» አለኝ። የራሱን ዜና የነፈገኝ ሁሉ ግን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «የኔን ተወው፤ የእሱን ነገር ሰማህ?» ይላል። ወረቀትና እርሳስ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ስለ አንድ ጓደኛችን ሦስት ዜና ደረሰኝ፤ በአንደኛው ስኳር ጠንቶበታል፣ በሁለተኛው ከሚስቱ ተጣልቷል፣ በሦስተኛው ቢሾፍቱ ሆቴል እየሠራ ነው። ራሱን ስጠይቀው «አለሁ» አለኝ።

ከዚያ ደግሞ የዓመተ ምሕረት ጣጣ መጣ። ጎረቤቴን ለቡና ጠርቼው ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደረሰ። ጎረቤቴ «እኔ የስልሳ ሁለት ነኝ» አለ፤ የሴንት ቻርልስ ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚጠሩት ዓመታቸውን ነው። ጓደኛዬም «እኔም የስልሳ ሁለት!» ብሎ ተነሥቶ አቀፈው። የጎረቤቴ 62 የፈረንጅ ነው፤ የእኛ 62 በእነሱ 1970 ላይ ይውላል። ስምንት ዓመት ሙሉ መካከላቸው ቆሞ ሁለቱም አላዩትም። ጎረቤቴ የጓደኛዬን ያልተጨማደደ ግንባር እያየ በእኩያው ተገረመ፤ ምን እንደሚበላም ጠየቀው። ጓደኛዬ ሳያመነታ «ጤፍ» አለው። እኔም ላርመው አስቤ፣ ለአገር ገጽታ ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። ጎረቤቴ ዛሬ በየሳምንቱ እንጀራ ይገዛል።

ደግሞ ማትሪክ አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት መሐንዲስ ሆኖ የሠራ ሰው፣ ሲተዋወቅ «ማትሪክ አምስት ኤ ያመጣው» ነው የሚባለው። አምስት ኤ ያላመጣነው ደግሞ በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ የሠራነው ሁሉ ያንን ሊያካክስልን አልቻለም። መጽናኛ ያገኘነው አሁን፣ በእርጅና ነው። ከምሳ በኋላ የመድኃኒት ሣጥኖች ከየኪሱ ይወጡና የደም ውጤት መነጻጸር ይጀመራል። «ያንተ ስንት ወጣ?» «ስድስት ከሁለት።» «እኔ አምስት ከዘጠኝ!» ይህን የሚለው ድሮ ከመጨረሻ ወንበር ኮርጆ ያለፈ ሰው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ይለዋል። የሦስት ወር ስኳር የሚለካበትን ምርመራ ሐኪሞች ኤ ዋን ሲ ይሉታል፤ ከስድስት ተኩል ጀምሮ ስኳር በሽታ ነው። የአምስት ኤው ጓደኛችን ዘጠኝ አምጥቷል። ዛሬም ከክፍሉ አንደኛ ነው።

ጉልበቱን ያስቀየረም አለን፤ እሱ ግን እንደ ጎረቤቴ ጓደኞች ጎልፍ ሜዳ አልተመለሰም። የተመለሰው ወደ ቅዳሴ ነው። ሐኪሙ «ቀስ እያልክ መቆም ተለማመድ» ሲለው የእኛን ቅዳሴ ርዝመት የሚያውቅ አልመሰለውም። አሁን በአንድ እጁ መቋሚያ ይዞ በአዲሱ ጉልበቱ ሰዓታት ይቆማል። ዜናህን ጻፍ ብለው «ምን ዜና አለኝ?» ይላል።

የሴንት ቻርልስ መጽሔት የሞቱትንም በየዓመታቸው ይዘረዝራል። እኛም እንዘርዝር ስንል ስም ችግር ሆነ። ባለፈው ክረምት ከሌላ ከተማ የአንድ ሰው መርዶ መጣ፤ ሙሉ ስም ከነአያቱ። ማንም አላወቀውም። «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ብለን ወደ ምግባችን ተመለስን። ዘግይቶ አንዱ «እንዴ፣ ቀበሮ እኮ ነው!» አለ፤ ያኔ ገበታው በለቅሶ ተተካ። አራት ዓመት አብሮን የተማረ ልጅ፣ አስተማሪ ስም ሲጠራ እንኳ ሳቅ እየቀደመው መልስ የሚጠፋበት ልጅ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የቅጽል ስምም ይግባ ተባለ። ችግሩ፣ የቀበሮ ባለቤት አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ያልሰማችውን ስም በኀዘኗ ላይ ልትሰማ ነው። አንድ ሽማግሌ እንላክባት ቢባል ሁሉም ሽማግሌ ሆኖ ሳለ የሚሄድ ጠፋ።

በዚያው ዝርዝር ላይ ቀን ያልተጻፈላቸውም አሉ። የስልሳ ሁለት ልጆች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ በእኛ ታኅሣሥ 1967 ስንሸኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን፤ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ነው በየገጠሩ የተበተነው። ከዘመቻው በኋላ ቀይ ሽብር መጣ። ከስማቸው ፊት ለፊት የሚጻፍ ቀን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን የለም። የክፍሉ ዋና አጭበርባሪ የነበረው ሰው ብዕሩን ተቀብሎ ስማቸውን በሙሉ፣ ከነአባታቸው፣ ሳይሳሳት ጻፈው። ሲጨርስ ቡና አዘዘ።

መጽሔቱ እስካሁን አልወጣም። በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደሚደረደር፣ መዋጮው ስንት እንደሚሆን (ይህ ሲነሣ የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ይጠራል) እና የራሱን ዜና ያልጻፈ ሰው ጓደኞቹ ይጻፉለት ወይስ አይጻፉለት የሚለው ገና አልተወሰነም። ለመወሰን ትልቅ ጉባኤ ይጠራ ተባለ። ቀን መምረጥ ደግሞ እዚህ ከተማ የራሱ ሕግ አለው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚሺጋን ጋር የአሜሪካ እግር ኳስ በሚጫወትበት፣ በፈረንጅ ኖቬምበር መጨረሻ በሚውለው ቅዳሜ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሰርግም ሙት ዓመትም አይደገስም፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በየምልክቱ ላይ ያለውን ኤም የሚባል ፊደል እንኳ በቀይ ይሰርዙታል። በ2024 ጨዋታው ከኅዳር ጽዮን ጋር በአንድ ቀን ዋለብን። ስለት ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ትኬት ያለው ስታዲየም ገባ፤ ኦሃዮ በገዛ ሜዳው 13 ለ10 ተሸነፈ፤ ስታዲየም የገቡትን ጽዮን ናት የቀጣቻቸው ያሉ ነበሩ።

ዘንድሮ ለጉባኤው ያንኑ ቅዳሜ ያቀረበ አንድ ሰው አለ። የሚኖረው ዳላስ ነው።